ድፎ፣ ጭብጦና ብርዝ፦ ለመቶ ሰው የሚዳረስ የበዓል ጣፋጭ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ማንኩሳን ብዙ አንባቢ የሚያውቃት በ1958 ዓ.ም. ከታተመው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ አገር ናት። ዙሪያዋ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በርበሬና ኑግ የሚበቅልበት፣ ማርም የማይጠፋበት ወይና ደጋ ነው። በዚህ አገር የበዓል ድግስ ላይ ዘመዱም፣ ጎረቤቱም፣ የማኅበሩ ሰውም፣ ካህኑም ይመጣል፤ መንገደኛም ቢሆን ዝም ተብሎ አያልፍም። መቶ ሰው ቢሰበሰብ ብዙ አይባልም። ለዚህ ሁሉ ሰው ከወጡና ከጠላው ሌላ አፍ የሚያጣፍጥ ነገር በምን አቅም ይቀርባል?

ከከተማ ኬክ አስመጥቶ መቶ ሰው ማዳረስ ለደመወዝተኛም ይከብዳል። ኬክን ውድ የሚያደርገው ዱቄቱ ሳይሆን እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ ክሬሙና ስኳሩ ነው። የገጠሩ ጣፋጭ እነዚህን ሁሉ ትቶ በእህል፣ በእርሾና በጥቂት ማር ይሠራል። ከዚህ ሙያ ውስጥ አንደኛውን ቦታ የምሰጠው ለድፎ ዳቦ ነው።

ድፎ የሚጀመረው በዋዜማው ነው። ተበጥሮ፣ ተለቅሞና ተፈጭቶ በወንፊት የተነፋው የስንዴ ዱቄት በእርሾ ይቦካል። ጨው፣ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ይገባበታል። ከዚያ ቡሃቃው ውስጥ በደንብ ይታሻል፤ የድፎ ነገር ያለቀው እዚህ እሽታ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ውኃ ጠጥቶ ሲታሽ እየተሳሰረ እንደ መረብ ይሆንና እርሾው የሚፈጥረውን አየር አፍኖ ይይዛል። ያልታሸ ሊጥ አየሩን ስለሚለቀው ዳቦው ደርቆና ተጠቅጥቆ ይወጣል። በቆሎ በረከሰበት አገር የበቆሎ ዱቄት ቀላቅሎ ወጪ መቀነስ ይቻላል፤ ነገር ግን በቆሎ ያን የሚሳሰር ነገር ስለሌለው ከሩብ በላይ ሲገባ ዳቦው በቢላ ሥር ይፈረፈራል። ለእንግዳ የሚቆረስ ከሆነ ከሩቡ ባይታለፍ ይሻላል።

ቀጥሎ ኮባው ነው። በምዕራብ ጎጃም በየጓሮው ኮባ ተተክሎ የሚታየው እንደ ደቡቡ አገር ቆጮ ሊፋቅበት አይደለም፤ በአመዛኙ ለቅጠሉ ነው። ቅጠሉ እንደተቆረጠ ቢዘረጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወፍራም አከርካሪው ይላጥና ቅጠሉ በእሳት ላይ ለብ ለብ ይደረጋል። ያን ጊዜ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ላዩ ያብረቀርቃል፣ እንደ ጨርቅም ይተጣጠፋል። ምጣዱ ላይ ጫፍ ለጫፍ እየተደራረበ ከዳር እስኪንጠለጠል ይነጠፋል፤ ሊጡ መሐሉ ላይ ይገለበጣል፤ የተንጠለጠለው ጫፍ ተመልሶ ይሸፍነዋል። ኮባ በሌለበት የሙዝ ቅጠል ይተካል። መዓዛው ግን አንድ አይደለም፤ ከኮባ የወጣ ድፎ ገና ሳይቆረስ ከደጅ ይታወቃል።

ከላይ ሌላ ምጣድ ወይም የቆርቆሮ ክዳን ይደፋና ፍም ይጫንበታል። ከታች ያለው እሳት ለዘብ ማለት አለበት። ልምድ ያላት ጋጋሪ ደጋግማ የምትናገረውም ይኸንኑ ነው፦ «እታለም፣ የታቹን ቀንሽው፣ የላዩን ጨምሪ።» የታቹ ከበረታ ዳቦው ሥሩ ያርና መሐሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፤ ኮባው የሚከላከለው በመጠኑ ነው። ትልቅ ድፎ ለመብሰል ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። መብሰሉ የሚታወቀው በጣት ሲያንኳኩት በሚሰጠው ድምፅ ነው፤ የበሰለው ባዶ ዕቃ ያንኳኩ ያህል ያስተጋባል፣ ያልበሰለው ድፍን ይላል። ከወረደ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቆያል። በትኩሱ ቢቆረጥ ውስጡ ይላቁጣል።

አሁን ሂሳቡን እንየው። 5 ኪሎ ዱቄት 3 ሊትር ያህል ውኃ ጠጥቶ 8 ኪሎ ሊጥ ይሆናል፤ እሳቱ ከዚያ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ውኃ ይወስድና 7 ኪሎ ዳቦ ይተርፋል። ባለ 100 ግራም ቁራሽ ቢደረግ 70 ሰው ያዳርሳል። ማሩ ግን ሊጡ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስኳርም ሆነ ማር ከሊጥ ጋር ሲጋገር ታቹ ቶሎ ይጠቁራል፤ እንዲጣፍጥ ለማድረግም ብዙ ይፈልጋል። ማሩ ሲቆረስ ላዩ ላይ ቢቀባ ምላስ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ስለሆነ ለአንድ ቁራሽ 10 ግራም ይበቃል። ለ70 ሰው 700 ግራም መሆኑ ነው። ከኪሎ ያነሰ ማር ይህን ሁሉ ሰው ያጣፍጣል።

ድፎ ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው፤ የጾም ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ቡሄ ነሐሴ 13 የሚውለው በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው፤ ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ለሚመጡ ልጆች የሚሰጠው ሙልሙልም ከወተትና ከእንቁላል ንጹሕ ነው። እንቁጣጣሽም መስቀልም ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ሊውሉ ይችላሉ። ድፎ ያዘጋጀ ሰው የቀን መቁጠሪያ አያስጨንቀውም፤ የሚጾመውም የማይጾመውም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ገበታ ይበላዋል።

የዋጋው ነገር በቁሱ ብቻ አያልቅም። ድፎን ለድሃም የሚቻል ያደረገው ተራ ነው። በሰንበቴ አባላት በየሰንበቱ በተራ ዳቦና ጠላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጣሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ ካህን ባርኮት ለሁሉም ይቆረሳል። በጽዋ ማኅበርም በየወሩ ተራው የደረሰው ቤት ይደግሳል። አንዱ ቤት በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ብዙ ዱቄት ያወጣል፤ በቀረው ጊዜ ሌላው ያበላዋል። ለትልቅ በዓል ደግሞ ጎረቤቶች አንዷ ምጣድ፣ አንዷ እንጨት፣ አንዷ ኮባ ይዘው ይመጣሉ። ይህን ልማድ እኔ ከማንኛውም የቁጠባ ምክር አስበልጬ አየዋለሁ። በከተማ የሚኖር ሰውም ቢሆን ሊጡን አቡክቶ ዳቦ ቤት ወስዶ ያስጋግራል፤ መቶ ቁራሽ የተገዛ ኬክ ከሚያስወጣው ጋር የሚወዳደር ወጪ አይሆንም።

ከድፎ ቀጥሎ ልጆች የሚወዱት የኑግ ጭብጦ አለ። ኑግ የትውልድ አገሩ የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ነው፤ ከኢትዮጵያ ቀጥሎ በሰፊው የሚዘራው በህንድ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ማሳውን ሁሉ ቢጫ ያደርገዋል፣ ንብ ይከብበዋል፤ የኅዳር ማር የሚቆረጠውም ከዚያ በኋላ ነው። ፍሬው ሲሰበሰብ ገናና ጥምቀት ስለሚቃረቡ ኑጉም ማሩም አዲስ የሚሆኑት በበዓሉ ሰሞን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ኑጉ በስሱ ይታመሳል፤ ብዙ ከተቆላ ይመራል። ትኩሱን ሙቀጫ ውስጥ ሲወቅጡት ዘይቱ ይወጣና ይወዛል፤ ከክብደቱ ሲሶ የሚሆነው ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ዘይት ስለሆነ ሌላ ቅባት አይፈልግም። ከበሶ ዱቄት ጋር ተለውሶ ማር ጠብ ይደረግበትና በእጅ ይጨበጣል። እሳት ላይ አይመለስም። 1 ኪሎ ኑግ፣ 1 ኪሎ በሶና ግማሽ ኪሎ ማር 2 ኪሎ ተኩል ይሆናል፤ ባለ 25 ግራም ጭብጦ ቢደረግ መቶ ፍሬ ይወጣዋል። ማር ካነሰ ጨው ብቻ ገብቶበትም ይበላል፤ ለበዓል ግን ማሩ ባይቀር ጥሩ ነው። ቀለሙ ጥቁር ስለሆነ የማያውቀው ሰው ይፈራው ይሆናል፤ አንዴ ከቀመሰው ግን ሁለተኛ ያነሣል።

የሚጠጣው ብርዝ ነው። ማር በውኃ ይበጠበጣል፣ ሰፈፉ በጨርቅ ይጣራል፣ ያልቃል። 1 ኪሎ ማር በ5 ሊትር ውኃ ቢበረዝ ባለ 200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ 28 ያህል ይሞላል። ጌሾ ያልገባበትና ያልፈላ ስለሆነ ለልጅም ለማይጠጣውም ይቀርባል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ያለበት ነገር ሁሉ አይሰጠውም። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ቢሆን ይመረጣል። ማሩን ከሳምንታት በፊት፣ ዋጋው በበዓል ሰሞን ሳይንር መግዛት ይቻላል። መበረዝ ያለበት ግን በበዓሉ ዋዜማ ማታ ነው፤ ከዚያ ቀድሞ ከተበረዘ መፍላት ይጀምርና ለልጆች የታሰበው መጠጥ ወደ ጠጅነት ይሄዳል።