የወንዝ ልጅና የወንዝ ባላንጣ

ከቡጎሎቢ፣ ካምፓላ

ሰው ከአገሩ ርቆ ሳለ ያገሩን ተወላጅ ሲያገኝ «የወንዜ ልጅ» ብሎ ይጠራዋል። አንድ ወንዝ የጠጡ ሰዎች እንደ ወንድማማች ይቈጠራሉ ማለት ነው። ኢጣልያኖች «ሪቫሌ» የሚሉት ቃል ግን ወደ አማርኛ ሲመለስ «ባላንጣ» ይሆናል፤ ሥሩም «ሪቩስ» የተባለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጓሜው ወራጅ ውሃ ነው። በአንድ ወራጅ ውሃ የሚጠቀሙ ጎረቤቶች በጥንት ዘመን እርስ በርሳቸው በክፉ ዓይን ይተያዩ ነበርና። እንግዲህ ስለ አንድ ነገር አንዱ ቋንቋ ዝምድናን፣ ሌላው ጠብን ተመለከተ። ወንዝ ሰውን በምን ጊዜ እንደሚያዛምድ፣ በምን ጊዜስ እንደሚያጣላ ለመመርመር ከቡጎሎቢ መነሣት ይጠቅማል።

ቡጎሎቢ ከካምፓላ መካከል ወደ ፖርት ቤል ወደብ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የሚገኝ ኮረብታማ ሰፈር ነው። በአጠገቡ ናኪቩቦ የሚባለው ቦይ ያልፋል። የከተማው ጎርፍና እድፍ በዚህ ቦይ ተሰብስቦ፣ የደንገል ረግረጉን አቋርጦ፣ የቪክቶርያ ሐይቅ ክፍል ወደ ሆነው ወደ መርቺሰን ሰላጤ ይገባል። የካምፓላ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ደግሞ ጋባ ላይ ከተተከሉት ማጣሪያዎች፣ ከዚሁ ሰላጤ እየተቀዳ ኖሯል። ረግረጉ በእርሻና በግንባታ በተጠቃ መጠን የተፈጥሮ ማጣሪያነቱ እየቀነሰ፣ ውሃውን ለማንጻት የሚወጣው ገንዘብ እየበዛ ሄደ። ይህንንም ለማረም በቡጎሎቢ በቀን 45,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የሚያጣራ ታላቅ ተቋም ተሠራ፤ በቀን 160,000 ሜትር ኩብ ውሃ የሚያነጻ ሌላ ተቋምም ከከተማው ርቆ በካቶሲ ተተከለ።

ካምፓላ በታላቅ ሐይቅ ዳር ተቀምጣ ስለ ውሃ መጨነቋ፣ የውሃ እጦት የዝናብ እጦት ብቻ አለመሆኑን ያስረዳል። ሐይቁ ሞልቶ ሳለ ቧንቧ ያልደረሰለት ሰው ውሃን በጀሪካን ይገዛል፤ ብዙ ጊዜም ለአንዱ ሊትር የሚከፍለው በቤቱ ቧንቧ ካስገባው ባለጸጋ ይበልጣል። ችግሩ የውሃው ብዛት ወይም ማነስ ብቻ ሳይሆን፣ ማን ከላይ እንደሚጥል፣ ማን ከታች እንደሚጠጣ፣ ዋጋውንም ማን እንደሚከፍል የሚወስነው ሥርዓት ነው።

ከቡጎሎቢ የሚወርደው ውሃ ጉዞው በሐይቁ አያበቃም። ሐይቁ የሚፈስሰው በጂንጃ በኩል ብቻ ሲሆን ነጭ ዓባይም ከዚያ ይነሣል። በጂንጃ የተሠራውን የኦወን ፏፏቴ ግድብ ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ በ1954 መርቀውታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አስቀድሞ እንግሊዝና ግብጽ በጽሑፍ ተስማምተው፣ ግብጽ ገንዘብ አዋጥታ ነበር፤ የግብጽ መሐንዲስም በስፍራው ተቀምጦ የሚለቀቀውን ውሃ እንዲመለከት ተደረገ። ደንቡም፣ የሐይቁ ከፍታ እየተለካ፣ ግድቡ ባይኖር ኖሮ ሊፈስስ የሚችለው ያህል ውሃ እንዲለቀቅ የሚያዝ ነበር። በ2003 እና በ2006 መካከል ድርቅ በነበረበት ጊዜ ግን ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲባል ከደንቡ በላይ ውሃ በመለቀቁ፣ ሐይቁ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ወዳልታየ ዝቅታ ወረደ። መርከቦች ወደ ወደብ ለመጠጋት ተቸገሩ፤ መብራትም በየተራ ይጠፋ ጀመር። በ2020 ደግሞ ሐይቁ ሞልቶ በዳርቻው የሚኖሩትን ሰዎች አፈናቀለ። አንድ መለኪያ እንጨት የነጋዴውንም የዓሣ አጥማጁንም ኑሮ የሚወስን መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከዚህ የሚበልጠው ጠብ ግን በወረቀት ላይ የተጻፈው ነው። በ1929 እንግሊዝ ስለ ቅኝ ግዛቶችዋ ሆና ከግብጽ ጋር ስለ ዓባይ ተዋዋለች። በ1959 ግብጽና ሱዳን ወደ አስዋን ይደርሳል የተባለውን 84 ሚሊያርድ ሜትር ኩብ ውሃ ሲከፋፈሉ፣ ለግብጽ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ሆኖ፣ የቀረው 10 ሚሊያርድ ለትነት ተተወ። ከዚያ ውሃ ከመቶው 85 እጅ ያህሉ የሚወርደው ከኢትዮጵያ ደጋ ሆኖ ሳለ፣ ለኢትዮጵያ አንዳች ድርሻ አልተመደበላትም፤ ለኡጋንዳም እንዲሁ።

ይህን ለማስተካከል የዓባይ ተፋሰስ አገሮች በ1999 አንድ ማኅበር መሠረቱ፤ ጽሕፈት ቤቱም ከካምፓላ ብዙ በማይርቀው በእንቴቤ ተቋቋመ። በዚያው በእንቴቤ በግንቦት 14 ቀን 2010 ኢትዮጵያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ታንዛንያ በትብብሩ ውል ላይ ፈረሙ፤ ኬንያና ቡሩንዲ ተከተሉ። ግብጽና ሱዳን ግን አልፈረሙም። የክርክሩም እምብርት አንድ ሐረግ ነበር። የላይኞቹ አገሮች «የማንንም አገር የውሃ ዋስትና በብርቱ አንጎዳም» የሚል ቃል በቂ ነው ሲሉ፣ ግብጽ «አሁን ያለውን አጠቃቀምና መብት» የሚል እንዲጨመር ፈለገች። ሐረጉ ቢጨመር የ1959ኙ ክፍፍል በአዲስ ውል ይጸናል ብለው የላይኞቹ ፈሩ፤ ባይጨመር ደግሞ ከዓባይ በቀር ወንዝ የሌላት ግብጽ ሰጋች። ውሉ ደቡብ ሱዳን ስድስተኛ ሆና ካጸደቀችው በኋላ በጥቅምት 13 ቀን 2024 በሥራ ላይ ዋለ። በ2011 የተጀመረው፣ 74 ሚሊያርድ ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘውና 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የኢትዮጵያ የሕዳሴ ግድብም በመስከረም 9 ቀን 2025 ተመርቋል። ግድቡ ተሠርቶ አልቋል፤ በድርቅ ዓመት ውሃው እንዴት እንደሚለቀቅ የሚወስን፣ ሦስቱን አገሮች የሚያስር ስምምነት ግን አልተፈረመም።

እንዲህ ያለው ጉዳይ ሳይቋጭ ቢቀር ምን እንደሚያስከትል የእኛው ታሪክ ይመሰክራል። በ1925 ኢጣልያና እንግሊዝ ስለ ጋሽ ውሃ፣ ማለት ስለ መረብ ታችኛው ክፍል፣ ደብዳቤ ተለዋውጠው የተሰነይንና የከሰላን እርሻ አስማሙ፤ በዚያም ጦር አልተማዘዘም። በኦጋዴን ግን የ1908ቱ የድንበር ውል በመሬት ላይ ምልክት ሳይደረግለት ቀረ። የወልወል ጉድጓዶች ለዘላኑ ሕዝብ ሕይወት ናቸው፤ ጉድጓዱን የያዘ ግጦሹን ይይዛልና። የኢጣልያ ጦር በዚያ ምሽግ ሠርቶ ሳለ የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የድንበር ኮሚሲዮን በኅዳር 1934 ደረሰ፤ በታኅሣሥ 5 ቀን ተኩስ ተነሥቶ ከ100 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደቁ። የሮማ መንግሥት ወረራውን አስቀድሞ ያስብ ስለ ነበር፣ ጉድጓዱ የጦርነቱ እውነተኛ ምክንያት ነው አይባልም። ነገር ግን ባለቤቱ በውል ያልታወቀ ውሃ፣ ሰበብ ለሚፈልግ ሰው ሰበብ ሆነ።

ዛሬም በኡጋንዳ ሰሜን ምሥራቅ ይህንኑ የሚመስል ነገር ይታያል። የኬንያ ቱርካናዎች በድርቅ ጊዜ ከብቶቻቸውን ወደ ካራሞጃ፣ ኮቤቤ ወደሚባለው ግድብ ይነዳሉ። የሁለቱ አገሮች ፕሬዚዳንቶች በመስከረም 2019 በሞሮቶ ተገናኝተው ስለ ሰላሙ ስምምነት ተደረገ። ዘረፋና ግድያ ባለመቆሙ ግን በ2023 የኡጋንዳ ፕሬዚዳንት መሣሪያ በታጠቁ ቱርካናዎች ላይ ብርቱ ትእዛዝ አወጡ። ግድቡ ከብት ያሰባስባል፤ ከብት የተሰበሰበበትን ስፍራ የሚጠብቅ ዳኛ ከሌለ ግን ዘራፊም ይሰበሰብበታል።

ስለዚህ የአስተዳደር ሹማምንት ሦስት ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። መጀመሪያ፣ የውሃው ልክ በይፋ ይጻፍ፤ ልኩ የተሰወረ ውሃ ሐሜትን ይወልዳልና። ሁለተኛ፣ ውሉ ከድርቁ በፊት ይደረግ፤ የተጠማ ሰው የሚፈርመው ውል አይጸናም። ሦስተኛ፣ ከታች ያለው ጎረቤት ሳይጠየቅ ከላይ አይወሰን፤ ከላይ ያለውም ሳይጠየቅ ከታች አይከፋፈል። ነጋዴዎችም ጉዳዩን የመንግሥታት ብቻ አድርገው ሊተዉት አይገባቸውም፤ መርከብ ወደብ መጠጋት ሲሳነው፣ የወፍጮው መብራት ሲጠፋ፣ የከብት ገበያው ሲዘጋ ኪሳራው በእነርሱ መዝገብ ይጻፋል።

በቡጎሎቢ ሥር የሚያልፈው ውሃ የጂንጃን፣ የካርቱምንና የአስዋንን ሰው አንድ ወንዝ ያጠጣዋል። በአማርኛው አነጋገር እነዚህ ሁሉ የወንዝ ልጆች ናቸው። ስሙ እውነት እንዲሆን ግን ከአንድ ወንዝ መጠጣት አይበቃም፤ ሁሉም የተቀመጡበት ውል ያስፈልጋል።