ከሩቅ ውሃ የመጣ ዓሣና ይዞት የሚመጣው ተውሳክ

ጥገኛ ትል ማለት በሌላ ፍጡር አካል ላይ ወይም ውስጥ ተጠግቶ፣ ከባለቤቱ ምግብ ወይም ደም እየተካፈለ የሚኖር ተውሳክ ነው። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ የኮሶን ነገር የማያውቅ ቤተሰብ በደጋው አገራችን የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን የሰውና የከብት ኮሶ እንዳለ ሁሉ የዓሣም ኮሶ እንዳለ፣ ይልቁንም ይህ ተውሳክ በሰው እጅ ከአገር ወደ አገር እንደሚዛወር ብዙ ሰው አላስተዋለም። በዚህ ወር ስለዚሁ መጻፍ የፈለግነው፣ ጉዳዩ ከደብረ ታቦር የራቀ መስሎ ቢታይም የራቀ ስላልሆነ ነው።

የጉና ተራራ ዝናብ በርብና በጉማራ ወንዞች ወርዶ፣ የፎገራን ሜዳ አጠጥቶ ጣና ይገባል። በክረምት ደግሞ ከጣና ነጭ ዓሣዎች ብዙዎቹ እነዚህኑ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው፣ ጠጠርና የሚፈስ ውሃ ባለበት ስፍራ ዕንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። ስለዚህ በፋርጣ ወይም በደራ በአንድ ሰው ኩሬ ውስጥ የሚደረገው ነገር ከሐይቁ ጋራ የተያያዘ ነው። የነጭ ዓሣን ነገር ያጠኑ ሊቃውንት በሐይቁ ውስጥ ከዐሥራ አምስት የማያንሱ ዓይነቶች ለይተዋል፤ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ አይገኙም። ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። ከሐይቁ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አርባ ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው፣ የታችኛው ዓባይ ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም። ፏፏቴው ባዕድ ዓሣን ሲከለክል፣ ከዓሣው ጋራ የሚመጣውንም ተውሳክ ከልክሎ ኖሯል። በርሜል የጫነ መኪናን ግን ፏፏቴ አያግደውም።

አንባቢ «ትል ያለበት ዓሣ ራሱ ታሞ ይሞት የለምን? እንዴትስ ከሩቅ አገር በደኅና ይደርሳል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ተውሳክና ባለቤቱ እጅግ ብዙ ዘመን አብረው ሲኖሩ እርስ በርሳቸው ይለማመዳሉ፤ የዓሣው ሰውነት መከላከያ ያበጃል፣ ትሉም የሚኖርበትን ቤት ፈጥኖ አያፈርስም። ስለዚህ ተሸካሚው ዓሣ ሲታይ ጤነኛ ነው። ያ ትል ፈጽሞ ወደማያውቀው ዓሣ በተላለፈ ጊዜ ግን፣ አዲሱ ባለቤት መከላከያ የለውምና ጉዳቱ ይበረታል።

ለዚህ ዋነኛው ምስክር በመካከለኛው እስያ የሚገኘውና ዛሬ አብዛኛው የደረቀው የአራል ባሕር ነው። በዚያ ባሕር ስተርጅን የሚባል፣ ዕንቁላሉ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ትልቅ ዓሣ ይኖር ነበር። የጊዜው የሶቪየት ባለሥልጣኖች ምርቱ እንዲበዛ ብለው ሌላ ዓይነት ስተርጅን ከካስፒያን ባሕር አምጥተው ለቀቁበት። የመጣው ዓሣ በስንጥቡ ላይ ደም የሚመጥ ጠፍጣፋ ትል ተሸክሞ ነበር። ይህ ትል እንደ ኮሶ በሌላ እንስሳ በኩል መዞር አያሻውም፤ ከዓሣ ወደ ዓሣ በቀጥታ ይተላለፋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. የአራል ነባር ስተርጅን በብዛት አለቀ። ሀብት ለመጨመር የታሰበው ሥራ የነበረውን ሀብት አጠፋ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአህጉራችን ስለሆነ ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል። ከምሥራቅ እስያ የተነሣ አንድ የዓሣ ኮሶ ካርፕ ከሚባሉት የእርባታ ዓሣዎች ጋራ ወደ አውሮፓ፣ ወደ አሜሪካና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛምቷል። አካሄዱ እንዲህ ነው፤ የትሉ ዕንቁላል ከዓሣው ሆድ ዕቃ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፣ የተፈለፈለውን እጭ ለዓይን የሚያስቸግር ጥቃቅን የውሃ ፍጡር ይውጠዋል፣ ያንን ፍጡር ደግሞ ዓሣ ይበላዋል። እነዚህ ጥቃቅን ፍጡሮች በጣናም ሞልተዋል፤ የብዙ ዓሣዎች ምግብ ናቸው። በደቡብ አፍሪካ በቫል ግድብ ይኸው ኮሶ ቢጫ ዓሣ በሚሏቸው ነባር ዓሣዎች ሆድ ውስጥ ተገኝቷል። እነዚያ ቢጫ ዓሣዎች የእኛ የጣና ነጭ ዓሣዎች የቅርብ ዘመድ፣ የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። ትሉ ስለ ዘመድነት አይመራመርም፤ ቤቱን ግን ያውቃል።

በጣና ውስጥ እስከ ዛሬ ትል የለም ማለታችን ግን አይደለም። ርዝመታቸው ከአንድ ጣት እምብዛም በማይበልጥ የሐይቁ ትናንሽ ዓሣዎች ሆድ ውስጥ ሊጉላ የሚባል፣ ጥብጣብ የመሰለ ነጭ ትል ይገኛል። ትሉ የዓሣውን ሆድ ሞልቶ ይነፋዋል፤ እንዳይራባም ያመክነዋል። ያበጠው ዓሣ እንደ ልቡ ስለማይዋኝ ለወፍ ቀላል ሲሳይ ይሆናል፤ ትሉም በወፉ አንጀት ውስጥ ጎልምሶ ዕንቁላሉን ከኩሱ ጋራ ወደ ውሃ ይመልሳል። ይህን ትል የሚያመላልሱት ወፎች ናቸውና ልንከለክላቸው አንችልም። ልንከለክል የምንችለው በሰው እጅ የሚመጣውን ነው።

ካርፕ ወደ አገራችን ከገባ ቆይቷል፤ በቆቃና በዝዋይ ይገኛል። በ1960ዎቹ ደግሞ ትራውት የሚባለው ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ተለቋል። ዓሣ ማርባት መልካም ሥራ ነው፤ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች የሚሆን ገንቢ ምግብ ስለሆነ የጤና ሠራተኛ ሊቃወመው አይገባውም። የምንፈራው በፎገራ ሜዳ ወይም ከርብ ግድብ በላይ በሚቆፈር ኩሬ ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ ጫጩት እንዳይገባ ነው። ፎገራ በክረምት ጎርፍ የሚተኛበት አገር ነው፤ ኩሬው ሲሞላ ዓሣው ፈቃድ ሳይጠይቅ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። እንቦጭ በጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ስንት የሰው ጉልበት እንደ ፈሰሰ የአገሩ ሰው ያውቃል። «ሣር በል ካርፕ አምጥተን እንቦጩን እናስበላው» የሚል መካሪም አይታጣም። ከላይ የተነገረውን ኮሶ በብዙ አገር ያዛመተው ይኸው ሣር በል ካርፕ መሆኑን እንንገረው፤ እንቦጭን ደግሞ እንደ ሌላው ሣር አይወደውም።

በዚህ ረገድ የእኛም ሙያ ከነቀፋ ነጻ አይደለም። የወባን ትንኝ እጭ ይበላል ተብሎ ጋምቡዚያ የሚባል ትንሽ የአሜሪካ ዓሣ በጤና ሠራተኞች እጅ በብዙ አገሮች ተለቋል። በየደረሰበት የነባር ዓሣዎችን ዕንቁላልና ጫጩት ስለ በላ፣ ዛሬ በብዙ ስፍራ እንደ ጥፋት ይቆጠራል። ለፎገራ ወባ አጎበርና የረጋ ውሃን ማፋሰስ ይሻላል።

ስለ ተመጋቢው ደኅንነት ጥቂት እንጨምር። ሊጉላ ሰውን አይጎዳም፤ ነገር ግን በጣና ዓሣዎች ሆድ ውስጥ የሚገኝ ሌላ ክብ ትል ስላለና የእርሱም ወገኖች በጥሬ ዓሣ በኩል የሰውን ሆድ ስለሚያውኩ፣ በአንዳንድ ሐይቅ ዳር ከተሞች የተለመደው ጥሬ ዓሣ መብላት የሚያስመሰግን አይደለም። ሎሚና ሚጥሚጣ ትል አይገድሉም፤ እሳት ግን ይገድላል። በጾም ወራት የዓሣ ገበያ ሲደምቅ ዓሣው እስከ አጥንቱ በሚገባ ይብሰል፤ የሆድ ዕቃውም ለውሻ አይጣል፣ ወደ ወንዝም አይመለስ፣ ይቀበር።

ኩሬ ለመቆፈር የሚያስብ ሰው ጫጩቱን ከታወቀ ማራቢያ ይውሰድ፤ በጣና ተፋሰስም ከዚያው ከጣና የተወለደውን ቆረሶ ያርባ። ከሌላ ሐይቅ የመጣ መረብም ወደ ጣና ከመግባቱ በፊት ታጥቦ በፀሐይ በሚገባ ይድረቅ፤ ድርቀት ጥቃቅኖቹን የውሃ ፍጡሮችና የትሉን እጭ ይገድላል። መምህራን ለትምህርት ያቆዩትን ዓሣ ትምህርቱ ሲያበቃ ወደ ጉማራ ወይም ወደ ርብ እንዳይለቁት እንለምናለን። ተማሪዎች ሆዱ ያበጠ ትንሽ ዓሣ ያገኙ እንደ ሆነ፣ በጠርሙስ ውስጥ አልኮል ተጨምሮበት፣ የተያዘበት ስፍራና ቀን በወረቀት ላይ በእርሳስ ተጽፎ ከውስጡ ይግባ፤ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃልና። ጠርሙሱን በባሕር ዳር ለሚገኘው የዓሣና የሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል መላክ ይቻላል።