ቴሌቪዥንና የንባብ ልማድ በኢትዮጵያ

ቴሌቪዥን በመጻሕፍት ንባብ ላይ ያለው ተጽዕኖ በኢትዮጵያ፣ በተለይም በአዲስ አበባ፣ ወላጆችን፣ መምህራንንና ደራሲያንን ሲያነጋግር የኖረ ጉዳይ ነው። በብዛት የሚሰማው አስተያየት ቴሌቪዥን ከገባ ወዲህ ንባብ ተዳከመ የሚል ነው። ሆኖም የዘመናዊ አማርኛ ልብ ወለድና የቴሌቪዥን ታሪክ በአገሪቱ ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን ሄደዋል። ስለዚህ ጉዳዩን ለመረዳት የቴሌቪዥኑን መኖር ብቻ ሳይሆን የሥርጭቱን ብዛትና የመጽሐፍን በቅርብ መገኘትም ማየት ያስፈልጋል።

ታሪክ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መደበኛ ሥርጭቱን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ነበር። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ሥርጭቱም የምሽት ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበረው። መሣሪያው ውድ ስለነበረ ብዙ ሰው የሚመለከተው ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት እየሄደ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1958 ዓ.ም.፣ የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም.፣ «ኦሮማይ» ደግሞ በ1975 ዓ.ም. ወጡ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጠረ። በ1977 ዓ.ም. ሥርጭቱ ባለ ቀለም ሲሆንም ተመልካቹ የነበረው ምርጫ አንድ ጣቢያ ብቻ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ቴሌቪዥን ከአንባቢው የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነበር።

ሁኔታው የተለወጠው ጣቢያዎች ሲበዙ ነው። በየሰፈሩ የቪዲዮ ቤቶች፣ ቀጥሎም የአውሮፓ እግር ኳስ የሚታይባቸው የዲኤስቲቪ ቤቶች ተከፈቱ። ዲሽ በየጣሪያው ተተከለ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን ወደ አማርኛ መልሶ በድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ብዙ ተመልካች አገኘ። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ የሚውልበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ንባብና ማድመጥ

በኢትዮጵያ ማንበብ ለብዙ ዘመናት ድምፅ ማሰማት ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የሚደግመው ጮክ ብሎ ነው፤ ማንበብ የማይችለውም ሰው ሌላው ሲያነብ ያዳምጣል። በኋላ ሬዲዮ ይህንኑ ልማድ ቀጠለበት። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ መጽሐፉን በእጃቸው ያልያዙ ሁሉ ታሪኩን አወቁት።

ቴሌቪዥንም ተረት አድራሽ ሆኗል። አባባ ተስፋዬ በሚል ስም የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ ከ40 ዓመታት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ተርከዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ፕሮግራም በአሻንጉሊት ገጸ ባሕርያት አማካይነት ለትናንሽ ልጆች ትምህርት ያቀርባል።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሳተላይት የሚሰጠው የ«ፕላዝማ» ትምህርት ግን የሁለቱን ልዩነት አሳይቷል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የሚተላለፍ ስለነበረ ያልገባው ተማሪ ሥርጭቱን አስቁሞ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም ነበር። መጽሐፍ ግን አንባቢውን ይጠብቃል፤ ገጹን መልሶ ማንበብ ይቻላል።

የጥናት ውጤቶች

በእንግሊዝ ሂልደ ሂመልዋይትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ጥናት ቴሌቪዥን አዲስ በገባባቸው ቤቶች የልጆች ንባብ መጀመሪያ ቢቀንስም የመጽሐፍ ንባቡ ከጊዜ በኋላ ተመልሷል።

በካናዳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተደረገው ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ስሟን ሰውረው «ኖቴል» ያሏት ትንሽ ከተማ ልጆች ቴሌቪዥን ከመግባቱ በፊት ከሌሎች ከተሞች ልጆች ይልቅ አቀላጥፈው ያነቡ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ይህ ብልጫቸው አልታየም። አንድ ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ ንባብ ገና እየተለማመደ ያለ ልጅ ብዙ ልምምድ ያስፈልገዋል፤ የልምምዱን ጊዜ ቀለል ያለ መዝናኛ ሲወስደው ችሎታው ሳይጠነክር ይቀራል።

በኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ቴሌቪዥን በብዛት የሚገኝባት አዲስ አበባ ግን ከክልሎች የተሻለ ውጤት አስመዝግባለች። ይህ ቴሌቪዥን ንባብን ያሻሽላል ማለት አይደለም፤ የከተማ ልጅ በትምህርት ቤትም በኑሮም ከገጠር ልጅ የተሻለ ዕድል አለው። ነገር ግን መብራት በሌለበት የገጠር ቤት ለሚያድግ ልጅ የንባብ ችግር ተጠያቂው ቴሌቪዥን ሊሆን አይችልም።

በቀራንዮ

ቀራንዮ በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። እንደ ሌሎቹ ከመሀል ከተማ የራቁ ሰፈሮች ሁሉ በቀራንዮም የቴሌቪዥንና የመጽሐፍ ፉክክር እኩል አይደለም። ቴሌቪዥኑ ያለው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ጠበብ ባለ ቤት ደግሞ ያው ሳሎን ተማሪው የሚያጠናበትም ክፍል ነው።

መጽሐፍ ግን ራቅ ይላል። ለረጅም ጊዜ የታወቁት የመጻሕፍት መደብሮችና የአዟሪዎች መቆሚያዎች በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በለገሃርና በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የነበሩ ናቸው። በተለምዶ ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም የሚገኙት መሀል ከተማ ነው። ከቀራንዮ ተነሥቶ ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ የታክሲ ሂሳብና የግማሽ ቀን ጊዜ ያስፈልገዋል። በዚህ ላይ የወረቀት ዋጋ መናር መጽሐፍ መግዛትን አክብዶታል። ቴሌቪዥኑ ግን አንዴ ከተገዛ በኋላ አንድ ቁልፍ በመጫን ይከፈታል።

ስለዚህ ልጁ ቴሌቪዥን የሚያየው ሁልጊዜ ከመጽሐፍ አስበልጦ ላይሆን ይችላል፤ ቤት ውስጥ የሚያነበው መጽሐፍ ከሌለ የሚመርጠውም ነገር የለም። ቴሌቪዥኑን ለተወሰነ ሰዓት ማጥፋት ጊዜ ይሰጣል፤ ያ ጊዜ ለንባብ የሚውለው ግን በቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በእግር በሚደረስበት ቤተ መጻሕፍት የሚነበብ ነገር ሲገኝ ነው። ዛሬ ስለ ስማርት ስልክ የሚነሣው ክርክርም ከዚህ ብዙም የተለየ አይደለም።