ዓሦቹን የገደለው ድምፅ

«ልጄን አይጎዳውም?» አልትራሳውንድ ልትታይ የገባች ነፍሰ ጡር እንዲህ ብላ ብትጠይቅ ብዙ ጊዜ የምታገኘው መልስ «ኧረ ምንም አያደርግም» የሚል ነው። መልሱ ከእውነት አይርቅም፤ ግን በጣም አጥሯል።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1917 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳይ የባሕር ኃይል ወደብ በቱሎን ነው። ፖል ላንዥቨን የጠላትን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ለማግኘት ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ውኃ ሲለቅ ከምንጩ አጠገብ የነበሩ ዓሦች ሞቱ። እጁን ድምፁ በሚያልፍበት ውኃ ውስጥ የነከረም ሰው ሕመም ተሰማው። ይህን ያየው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ውድ ነገሩ ከአእምሮው አልጠፋም። በ1927 ከአልፍሬድ ሉሚስ ጋር ባሳተመው ጥናት ኃይለኛው ድምፅ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንደሚያፈነዳ፣ ትናንሽ ዓሦችንና እንቁራሪቶችን እንደሚገድል አሳየ።

ግላስጎው የነበረው የማሕፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ በ1958 የመጀመሪያዎቹን የሆድ ምስሎች ሲያሳትም የተጠቀመው ይህንኑ ድምፅ ነው፤ ልዩነቱ በእጅጉ አድክሞ፣ በጣም አጫጭር አድርጎ እየቆራረጠ መላኩ ላይ ነው። ስጋቱ ግን አልጠፋም። በ1970 የጽንስ ልብ ማዳመጫ መሣሪያ ክሮሞሶም ይሰብራል የሚል ጥናት ወጣ፤ ሌሎች ደጋግመው ቢሞክሩት አላገኙትም።

ከዚያ ፐርዝ መጣች። አውስትራሊያ ውስጥ ጆን ኒውንሃምና ባልደረቦቹ 2,834 ነፍሰ ጡሮችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ወገን በ18ኛው ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሌላው እስከ 38ኛው ሳምንት አምስት ጊዜ እንዲታይ ተደረገ። የ1993 ውጤት አስደነገጠ፦ ደጋግመው ከታዩት እናቶች ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት በዝተው ተወለዱ። ተመራማሪዎቹ እዚያ ላይ አላቆሙም፤ ልጆቹን ስምንት ዓመት እስኪሞላቸው ተከታተሏቸው። በ2004 በሁለቱ ወገኖች እድገት መካከል ልዩነት እንዳላገኙ አስታወቁ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔ አብልጬ የማከብረው ይህን ትዕግሥት ነው።

በ2006 ደግሞ የዬል ዩኒቨርሲቲው የፓስኮ ራኪች ቡድን እርጉዝ አይጦችን ለ30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ለድምፁ ሲያጋልጥ፣ ከጽንሶቹ የአንጎል ሕዋሳት ጥቂቶቹ መድረስ የነበረባቸው ቦታ ሳይደርሱ ቀሩ። የአይጥ ጽንስ አንጎል እጅግ ትንሽ ስለሆነ ድምፁ ሁለንተናውን ይሸፍነዋል፤ ሰው ሲመረመር ግን መሣሪያው ከቦታ ቦታ ይንቀሳቀሳል። ተመራማሪዎቹም ለሕክምና የሚያስፈልግ ምርመራ ይቅር አላሉም።

የሚፈራው በተለይ ሙቀት ነው፤ አጥንት ድምፁን ውጦ ይሞቃል። የጽንሱን ሙቀት ከ1.5 ዲግሪ በላይ የማይጨምር ምርመራ አያሰጋም፤ 4 ዲግሪ ጨምሮ 5 ደቂቃ ከቆየ ግን አደገኛ ነው። ድምፁ የአየር አረፋ ሲያገኝ የሚያደርሰው ጉዳት ግን እምብዛም አያሳስብም፤ የጽንስ ሳንባ ገና አየር አልገባበትምና።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለጽንስ ምርመራ የተፈቀደውን የድምፅ ኃይል ጣሪያ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ94 ሚሊዋት ወደ 720 ከፍ አደረገው፤ በምትኩ ሙቀቱ ምን ያህል ሊጨምር እንደሚችል የሚጠቁም ቁጥር ስክሪኑ ላይ እንዲታይ ተፈለገ። በእናቶች ላይ የተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት በነበሩ ደካማ መሣሪያዎች የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ኃላፊነቱ ቁጥሩን በሚያነበው ባለሙያ ላይ ወድቋል።

ይህ ሲባል ከአዲስ አበባ ወደ 38 ኪሎ ሜትር ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኘው ሰንዳፋ ዙሪያ ያሉ የገበሬ ቀበሌዎች እናቶች ከአልትራሳውንድ ይሽሹ ማለቴ አይደለም። መንታ መያዟን፣ ወይም የእንግዴ ልጁ የማሕፀኗ በር ላይ መቀመጡን ሳታውቅ ምጥ የሚይዛት ሴት የሚያሰጋት ይህ አለማወቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ መታየትን መክሯል። ያ አንድ ጊዜ አይቅርባት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን የልብ ምት ለማሰማት ብቻ ዶፕለር የሚባለውን የመሣሪያውን ስልት ከፍቶ አንድ ቦታ ላይ መቆየት አያስፈልግም፤ ኤም ሞድ በሚባለው፣ ድምፁ ደከም ባለ ስልት ምቱን መቁጠር ይቻላል።