የአዲስ አበባ አዝማሪ ቤቶችና ነጋዴው

በዚህ ሳምንታዊ ጽሑፋችን ዘወትር የሚነገረው ስለ ቡና፣ ስለ ቅባት እህል፣ ስለ ጨርቃ ጨርቅና ስለ ቀረጥ ነው። ዛሬ ግን በሚዛን ስለማይመዘን፣ በመጋዘንም ስለማይከማች፣ ነገር ግን በከተማችን በየምሽቱ ስለሚሸጥና ስለሚገዛ አንድ ሸቀጥ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን። ይኸውም የአዝማሪ ዜማ ነው። ነጋዴው ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ውሎ፣ ማታ ወደ አዝማሪ ቤት ጎራ ሲል ከገበያ የወጣ እንጂ ወደ ሌላ ገበያ የገባ አይመስለውም። ነገሩን በጥሞና ላስተዋለ ሰው ግን አዝማሪ ቤት የራሱ ደንብ፣ የራሱ የሥራ ክፍፍልና የራሱ የዋጋ አወሳሰን ያለው የንግድ ቤት ነው።

አዝማሪ የሚለው ቃል የመጣው ዘመረ ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው። መሣሪያው መሰንቆ ሲሆን፣ ይህም ቁርበት የተወጠረበት ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ሣጥንና ከፈረስ ጭራ የተበጀ አንድ አውታር ብቻ ያለው፣ በደጋን የሚመታ መሣሪያ ነው። በአዝማሪ ቤት ብዙውን ጊዜ ወንዱ መሰንቆውን ይመታል፤ ሴቲቱም በዜማና በእስክስታ ትቀበለዋለች። አዝማሪው ወደ እንግዳው ጠጋ ብሎ ስሙን፣ አገሩንና ሥራውን ይጠይቃል፤ ያገኘውንም ወሬ በዚያው ቅጽበት ስንኝ አድርጎ ይዘፍነዋል። እንግዳው በበኩሉ ግጥም ለማቀበል ቢወድ «ተቀበል» ይላል፤ አዝማሪውም የተነገረውን ቃል አንድ ሳያጎድል በዜማ ይመልሰዋል። ሙገሳውም ሽሙጡም በሰምና ወርቅ የተለበጠ ስለሆነ፣ የተነካው ሰው ራሱ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ከመሳቅ በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

ወደ ገንዘቡ ስንመለስ፣ የቤቱ ባለቤት የሚተዳደረው ከመጠጥ ሽያጭ በሚገኘው ትርፍ ነው። የአዝማሪው ዋነኛ ገቢ ግን ሽልማት ነው። ሽልማቱ በግንባር ላይ ይለጠፍ፣ በእጅ ይሰጥ ወይም ከመሰንቆው ላይ ይሰካ፣ መጠኑን የሚወስነው ገዢው ነው፤ የሚወስነውም ዕቃውን ከተረከበ በኋላ ነው። ከእኛ ከነጋዴዎቹ መካከል ዕቃውን አስቀድሞ አስረክቦ «ዋጋውን አንተው እንደ ወደድክ ክፈለኝ» የሚል ማን ይገኛል? አዝማሪው ግን ይህን በየምሽቱ ያደርጋል። እንግዲህ ይህ ሙያ የቆመው በውል ሳይሆን በመተማመን ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

የከተማችን ዜማና ንግድ የተገናኙት ዛሬ አይደለም። በ1900ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ የነጋድራስነትን ማዕረግ ያገኙ ሰው ናቸው። ነጋድራስ ማለት ደግሞ የነጋዴዎች አለቃ ማለት መሆኑን አንባቢ ያውቃል። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም ዋናው መሥራች የነበሩት አቶ መኰንን ሀብተ ወልድም ቆየት ብለው የንግድ ሚኒስትር ለመሆን የበቁ ናቸው። ከዚህ ማኅበር መድረክም ብዙ አዝማሪዎችና ዘፋኞች ለሕዝብ ታውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ በውቤ በረሃ ቡና ቤቶች፣ በራስና በግዮን ሆቴሎች፣ በሌሊት ክበቦችም የዘመናዊ ሙዚቃ ቡድኖች ሲስፋፉ፣ የመሸታ ቤቱ መድረክ ለድምፃውያን እንደ ትምህርት ቤት ሆኖ አገልግሏል። ለምሳሌ ድምፃዊ ማሕሙድ አሕመድ በልጅነታቸው ጫማ እየጠረጉ ያደጉ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ አሪዞና በሚባል የሌሊት ክበብ በልዩ ልዩ ሥራ ተቀጥረው ነበር። አንድ ምሽት ዘፋኞቹ በመቅረታቸው ተራው ለእርሳቸው ደረሰ፤ ዘፈኑ፤ ከዚያም ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ቡድን ተሻገሩ። በዚያ ምሽት ያ ቤት ዝግ ቢሆን ኖሮ ይህ ድምፅ በየት በኩል ይሰማ እንደ ነበር ማሰብ አዳጋች ነው።

ለአስመጪዎች በተለይ የሚጠቅመው ታሪክ የአቶ አምኃ እሸቴ ነው። በዚያን ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ማኅበሩ ግን መብቱን ይዞ አዳዲሶቹን ዘፋኞች በሸክላ ሳያወጣ ቀረ። በሙዚቃ ዕቃ መደብር ይነግዱ የነበሩት ወጣቱ አቶ አምኃ ገበያው ተርቦ መቆየቱን ተረድተው፣ በ1961 ዓ.ም. ገደማ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀርጸው ወደ ሕንድ አገር በመላክ አሳትመው አስገቡ። ክስ ይመጣብኛል ብለው ሳይፈሩ በጀመሩት በዚህ ሥራ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችን ለገበያ አቀረቡ። አንድ ነጋዴ የደፈረው ኪሳራ ዛሬ የሀገር ቅርስ ሆኖ ይቈጠራል።

ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ የታወጀው የሰዓት እላፊ ግን ይህን የሌሊት ንግድ ለረጅም ዓመታት አሽመደመደው። ሌሊት የማይወጣበት ከተማ የሌሊት ዘፋኝ ሊያኖር አይችልምና። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ገደቡ ሲነሣ አዝማሪ ቤቶች እንደ ገና፣ በተለይም በካዛንቺስ ሰፈር፣ እንደ እንጉዳይ ፈሉ። በፈረንሳይ አገር ኢትዮፒክስ በሚል ስም መታተም የጀመረው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ሁለተኛውን ቅጽ የሰጠው ለእነዚሁ ለከተማ አዝማሪዎች ነው። በዚህ ዓይነት በካዛንቺስ ጠባብ ክፍል የተዘፈነው ዜማ በአውሮጳ የሚሸመት የወጪ ዕቃ ሆነ። በዚያው ሰፈር በፈንድቃ በሽልማት ብቻ እየጨፈሩ የኖሩት አቶ መላኩ በላይም ኋላ ቤቱን ራሳቸው ተረክበው የባህል ማዕከል አደረጉት፤ ጓደኞቻቸውንም ይዘው በአውሮጳና በአሜሪካ መድረኮች ታዩ።

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር ቤቶች ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ግን ፈንድቃም የቀድሞ ስፍራውን ለቀቀ። ከተማ መታደሱ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ነገር ግን ሱቁ የፈረሰበት ነጋዴ ዕቃውን ጭኖ ወደ ሌላ ስፍራ ሊሄድ ሲችል፣ አዝማሪው የሚጭነው ዕቃ የለውም። ዕቃው ያለው በእንግዳውና በእርሱ መካከል ነው። ሰፈሩ ሲበተን ደንበኛው ይበተናል፤ ደንበኛው ሲበተን ደግሞ ልጁ ከአባቱ መሰንቆውን የሚቀበልበት ምክንያት ይጠፋል። የሚያሠጋውም ይህ ነው።

ስለዚህ ከነጋዴው የሚጠበቀው ምጽዋት ሳይሆን መልካም የንግድ ጠባይ ነው። አንደኛ፣ አዝማሪን ለሠርግ ወይም ለሱቅ ምረቃ የሚጠራ ሰው ዋጋውን አስቀድሞ ይዋዋል፤ ሽልማቱ የደመወዝ ምትክ ሳይሆን ከደመወዙ በላይ የሚሰጥ ይሁን። ሁለተኛ፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኙን መብት የሚጠብቅ ስለሆነ፣ በአዝማሪ ቤት የተቀረጸን ዜማ ለሸቀጥ ማስታወቂያ ለማዋል የሚሻ ነጋዴ በቅድሚያ የባለ ድምፁን ፈቃድ ያግኝ። ሦስተኛ፣ በፈረሱት ሰፈሮች አዲስ ሕንፃ የሚያሠሩ ባለ ሀብቶች ከምድር ቤታቸው አንዱን ክፍል ለአዝማሪ ቤት በተመጣጣኝ ኪራይ ቢያስቡ፣ ምሽት ላይ ጭር ለሚለው ሕንፃቸው እንግዳ ያገኙለታል።

አዝማሪው የነጋዴውን ስም በየምሽቱ ሲያነሣ ኖሯል፤ ለጋሱን አመስግኗል፤ ንፉጉንም በዜማ ገሥጿል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የእርሱን ስም በምስጋና ስናነሣ የቆየ ዕዳችንን በጥቂቱ ከፈልን እንጂ ውለታ አልዋልንለትም። የቀረውን ዕዳ አንባቢ በሚቀጥለው ምሽት ራሱ ሄዶ ይክፈል።