የአሮጌ ሣር ማጨጃ ትራክተር ዋጋ ከሆዱ ሥር ነው

ደላላው ቁልፉን ያዞራል፣ ሞተሩ ይነሣል፣ ገዢው ድምፁን አዳምጦ «ጤነኛ ነው» ይላል፤ ቀብድ ይቆጠራል። ያገለገለ የሣር ማጨጃ ትራክተር ለሽያጭ ሲቀርብ ፍተሻው ብዙውን ጊዜ ከዚህ አያልፍም። ሆኖም ሞተሩ ብቻውን ሣር አያጭድም። ሥራውን የሚሠራው በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል የተንጠለጠለው የላሜራ ሳጥን ከነቢላው፣ ከነዘንጉ፣ ከነኩሽኔታውና ከነቺንጋው ነው። ባለሙያዎች ይህን ክፍል «ዴክ» ይሉታል። የገዢው ገንዘብ የሚባክነውም ሆነ የሚድነው እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩን ከሐይቅና ከአምባሰል አንጻር እንመልከተው። የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ውጫሌና ወደ ወልድያ በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በውኃው ዳርቻ መዝናኛ ለማቋቋም የሚያስብ ባለሀብት ክረምቱ በወጣ ቁጥር ጉልበት ድረስ የበቀለ ሣር ይጠብቀዋል። አዲስ ማሽን እንዳያስመጣ የምንዛሪው ነገር አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ዘልሏል። በመሆኑም አሮጌ ማሽን ዓይን ቢስብ አያስገርምም።

ለምን ሥራ?

በቅድሚያ ይህ ጥያቄ መመለስ አለበት። የአካባቢው ገበሬ ከመስከረም ጀምሮ ሣሩን በማጭድ አጭዶ፣ አድርቆና ከምሮ ለከብቱ ያቆየዋል፤ የተረፈውን ይሸጣል። ድርቆሽ ለመነገድ ያሰበ ሰው የግቢ ሣር ማጨጃ ትራክተር ቢገዛ ይከስራል። የዚህ ማሽን ቢላ እየተሽከረከረ ሣሩን ስለሚከታትፈው ለመሰብሰብም ሆነ ለማሰር አይመችም። ለድርቆሽ የሚሆነው እንደ መቀስ እየተንቀሳቀሰ ከሥሩ የሚቆርጠው ማጨጃ ነው።

መሬቱም መታየት አለበት። የአምባሰል ተዳፋት ድንጋይ ይበዛበታል። የግቢ ማጨጃ ትራክተር ከ15 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ ቦታ ላይ አይነዳም፤ ከዚያ በታችም ቢሆን ሽቅብና ቁልቁል እንጂ በአግድም ከተነዳ የመገልበጥ አደጋ አለው። ስለዚህ ቦታው ለጥ ያለና ድንጋዩ የተለቀመ መሆን አለበት።

ሕመሙን በምልክቱ

እጅ ወደ ሥር ከመግባቱ በፊት ሞተሩ ይጠፋል፣ ቁልፉ ይነቀላል፣ የካንዴላው ሽቦ ይላቀቃል። ማሽኑ በክሪክ ብቻ ተይዞ ከሥሩ አይገባም፤ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግለታል።

አጨዳው በአንድ ወገን ዝቅ፣ በሌላው ከፍ ካለ ብዙ ሰው ዴኩ ተጣሟል ብሎ ይደመድማል። በቅድሚያ የሚታየው ግን የጎማ አየር ነው። የግራና የቀኙ እኩል ካልሆነ ዴኩም አብሮ ያዘነብላል። አየሩ ተስተካክሎ ችግሩ ከቀጠለ፣ ማሽኑ ደልዳላ ወለል ላይ ቆሞ የቢላዎቹ ጫፍ ከመሬት ያለው ርቀት በሁለቱም ወገን ይለካል፤ ልዩነቱ በማንጠልጠያዎቹ ዳዶ ይስተካከላል። የቢላው የፊት ጫፍ እንደየሥሪቱ ከኋላው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል ደግ ነው።

ያልታጨደ መስመር ጥሎ የሚሄድ ከሆነ ቢላው ደንዟል፣ ተገልብጦ ታስሯል ወይም ቺንጋው ይንሸራተታል። እዚህ ላይ የሐይቅን ከፍታ መርሳት አይገባም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ካርቡራተር ያለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ረጅምና እርጥብ ሣር ውስጥ ሞተሩ ቢያቃስት ጥፋቱ የዴኩ ላይሆን ይችላል። ሞተሩን በሙሉ ፍጥነት እያዞሩ በዝግታ መንዳት፣ ረጅሙንም ሣር ሁለት ጊዜ ከፍሎ ማጨድ ይበጃል።

የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ቢላው ድንጋይ መትቶ ተጣሟል ወይም አንዱ ጫፍ ከሌላው ይከብዳል። የተሳለውን ቢላ መሐሉ ላይ ባለው ቀዳዳ በምስማር አንጠልጥሎ ማየት ይቻላል፤ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ የከበደው ጫፍ ይሞረዳል። የተጣመመ ቢላ ግን በመዶሻ አይቃናም፣ አይበየድምም። ሲዞር ተሰብሮ የወጣ ብረት ሰው ይገድላል። ቢላው ጤነኛ ሆኖ መንቀጥቀጡ ካልቆመ፣ ጓንት አጥልቆ ቢላውን ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ነው። ከላላ ወይም ሲዞር ከንኮሻኮሸ ኩሽኔታው አልቋል።

የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተ ወይም ቺንጋው እየወለቀ ካስቸገረ፣ አዲስ ቺንጋ ከመግዛት በፊት የሚወጥረው ሞላና ሥራ ፈት ፑሊው ይታዩ። የተሳበ ሞላ ወይም የደረቀ ፑሊ አዲሱንም ቺንጋ ይበላዋል። ቁመቱና ወርዱ ስለተቀራረበ ብቻ የወፍጮ ቺንጋ መግጠምም አያዋጣም፤ የዴክ ቺንጋ ድንገተኛ ጫና እንዲችል ተብሎ የተሠራ ነው።

ቢላው እየዞረ አሽከርካሪው ከመቀመጫው ሲነሣ ሞተሩ ከጠፋ ብልሽት አይደለም፤ ለደኅንነት የተደረገ ነው። በአንጻሩ ሞተሩ ካልጠፋ አንድ ሰው ሽቦውን አገናኝቶታል ማለት ነውና ገዢው ይጠንቀቅ።

የደሴ መደብር ምን ይሰጣል?

የማሽኑን ስም ጠርቶ መለዋወጫ መጠየቅ «የለም» የሚል መልስ ያመጣል። ኩሽኔታው ግን በቁጥሩ ይፈለግ። በብዙ ዴኮች ውስጥ ያለው 6203 ወይም 6204 ከሚባለው ወገን ነው፤ ይኸው ኩሽኔታ በሞተር ሳይክልና በኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥም ይሠራል። አንዳንዱ ቀዳዳው በኢንች የተለካ ስለሆነ አሮጌውን ይዞ ሄዶ ማስለካት ይሻላል። የተበላ ዘንግም በቶርኖ ቤት ሊወጣ ይችላል።

ሒሳቡ

ገዢው ያገኘውን ጉድለት በሦስት ይክፈለው። የአየር፣ የማስተካከል፣ የመሳልና የማጽዳት ሥራ ከጉልበት በቀር ወጪ የለውም፤ ሻጩ ግን ብዙ ጊዜ በእነዚህ ምክንያት ተማሮ ዋጋ ይቀንሳል። ለሚያውቅ ገዢ ትርፉ ይህ ነው። ቺንጋ፣ ሞላና ኩሽኔታ ሁለተኛው ናቸው፤ የመለዋወጫው፣ የማጓጓዣውና የእጅ ሥራው ተደምሮ ከዋጋው ላይ ይነሣ። ሦስተኛው የላሜራው ጉዳይ ነው። እርጥብ ሣር ለዓመታት ከሥሩ ተጣብቆ ያዛገው ዴክ፣ በተለይ ዘንጉ የተቀመጠበት ቦታ ከተሰነጠቀ፣ ብየዳው ብዙ አይቆይም። በጠመንጃ መፍቻ ነካ ሲደረግ የሚቦደስ ላሜራ ያለውን ማሽን በሞተሩ ዋጋ ብቻ መግዛት ወይም መተው ነው።

ከተገዛም በኋላ ከየአጨዳው በኋላ ሥሩን መጥረግና ግራሶ መቀበያ ካለው ግራሶ መስጠት አይዘንጋ። ደላላው ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ገዢው ይንበርከክ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና።