አንጀትና ናይሎን፦ የክራር ክር ገበያ ወዴት አዘነበለ?

ወረታ ላይ ገበያ ሲባል ሩዝ ነው። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ የተጀመረው ሩዝ የፎገራን ሜዳ ከወረሰው ወዲህ፣ አገሩ ቀድሞ ይጠራበት የነበረው ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ከብት በወሬም በግጦሽም ወደ ዳር ተገፍቷል። ከከብቱና ከበጉ ጋር አብሮ የተረሳ አንድ ሸቀጥ ደግሞ አለ። እሱም የክራር፣ የመሰንቆና የበገና ክር ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጎንደርና አካባቢው የአዝማሪ አገር ነው፤ የመሣሪያዎቹም ጥሬ ዕቃ ከዚሁ ሜዳ የሚወጣ ነው። የመሰንቆ አንዲት ክር የፈረስ ጭራ ናት፤ የደጋኑም እንዲሁ። ገበቴው የሚለብሰው ቆዳ ነው። የክራር አምስት ወይም ስድስት ክርና የበገና አሥር አውታር በጥንቱ አሠራር ከበግ አንጀት ይገመዳሉ። ክራር አንዴ ከተገዛ ለዓመታት ያገለግላል፤ ክሩ ግን ይላላል፣ ይበጠሳል፣ ይለወጣል። በንብረት ክፍል አነጋገር ክራሩ ቋሚ ንብረት፣ ክሩ አላቂ ዕቃ ነው። ነጋዴ የሚወደው ደግሞ አላቂውን ነው።

ታዲያ የክራሩን ገበያ የወሰደው ናይሎን ነው፤ በድምፅ ማጉያ ለሚጫወቱት ደግሞ የብረት ክር። ምክንያቱን ዋጋ ላይ ብቻ የሚፈልግ ይሳሳታል። አንጀት ሳይበላሽ በትኩሱ መታጠብ፣ ስቡ መፋቅ፣ መገመድ፣ ተወጥሮ መድረቅ አለበት። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም እርጥበት ይጠጣል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውኃ በሚተኛበት ክረምት፣ ጠዋት የተቃኘ የአንጀት ክር ማታ ቅኝቱን ላይጠብቅ ይችላል። ናይሎን ይህ ጣጣ የለበትም።

ትልቁ ልዩነት ግን መለኪያ ነው። ለማነጻጸር ያህል ባለ 12 ክር ጊታርን እንውሰድ። ክሮቹ በስድስት ጥንድ ይወጠራሉ፤ ወፍራሞቹ አራት ጥንዶች አንዱ ከሌላው በኦክታቭ ይለያሉ፣ የቀሩት ሁለቱ ጥንዶች እኩል ይቃኛሉ። የ12ቱ ክር ጉተታ አንገቱንና ድልድዩን ስለሚፈትን ብዙዎች ከተለመደው ዝቅ አድርገው ይቃኙታል። ይህን ሁሉ የሚያቃልለው ፓኬቱ ነው። የእያንዳንዱ ክር ውፍረት በቁጥር ስለተጻፈ ገዢው የትኛው ክር ለየትኛው ቦታ እንደሆነ አይጠይቅም። የአንጀት ክር ግን ቁጥር የለውም። ውፍረቱን የሚያውቀው የገመደው ሰው ጣት ነው። ደረጃ ያልወጣለት ዕቃ ከሠሪው ደጃፍ ርቆ አይሸጥም፤ ጥሬ ዕቃው እየተትረፈረፈ ገበያ ያልቆመለትም በዚህ ነው።

ናይሎን በቀላሉ ያልረታው በገናን ነው። ለጀማሪ ተማሪ በናይሎን የሚወጠር በገና አለ። ሆኖም የበገና ድምፅ ዝም ብሎ የክር ድምፅ አይደለም፤ ነዛሪ ነው። በብርኩማውና በእያንዳንዱ አውታር መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። በገና የሚያዘጋጅ ሰው አውታሩን ከቀንበሩ ላይ ጠምጥሞ ከቃኘ በኋላ፣ እንዚራዋን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋ ንዝረቱ የሚነሳበትን ቦታ ይፈልጋል። ትንሽ ካለፈች አውታሩ ይታፈናል፤ ትንሽ ከጎደለች ንዝረቱ ይጠፋል። ይህ አሥር ጊዜ ይደገማል። የሚገርመው፣ ብዙዎቹ ደርዳሪዎች የሚመቱት አምስት ወይም ስድስቱን አውታር ብቻ ነው፤ የቀሩት የጣት ማረፊያ ናቸው። የወፍራም አንጀትን ንዝረት የለመደ ጆሮ ናይሎኑን ወዲያው ይለየዋል።

ተፈላጊነቱም ቀላል አይደለም። ዓለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው በገና በደርግ ዘመን ከትምህርት ገበታ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ግን በከተሞች የበገና ተማሪ በርክቷል። እያንዳንዱ ተማሪ አሥር አውታር ይፈልጋል።

በዚህ ላይ የምንዛሬው ጉዳይ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ናይሎኑም የብረት ክሩም ከውጭ የሚገቡ ናቸውና ከዚህ አያመልጡም። የበግ አንጀት ዶላር አይጠይቅም። የሚጠይቀው በግ የሚሰማራበት ሜዳና የሚገምድ እጅ ነው። ሜዳውን ሩዝ ይዞታል፤ ገለባው ለከብቱ መኖ ሆኖ የተወሰነውን ቢመልስም።

እጅ ደግሞ የሚፈለገው በአንድ ቀን ነው። በፋሲካና በዘመን መለወጫ ጠዋት ወረታም ሆነ ሌላ ከተማ በየግቢው በግ ይታረዳል። ዱለት ውስጥ የሚገባው ይገባል፣ ቆዳውን ቀድሞ ቆዳ ሰብሳቢው ከበር ይረከብ ነበር። አንጀቱን የሚጠይቅ ግን አይመጣም፤ እስከ ማታ ለውሻና ለአሞራ ይሆናል።